ውኃ ላይ የቀረ ዳና

ማይዙሩ ከኪዮቶ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በጃፓን ባሕር ዳርቻ የተቀመጠች የወደብ ከተማ ናት። ባሕሩ በተራሮች መካከል በጠባብ በር ይገባና ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ሁለት ክንድ ዘርግቶ ይተኛል። ከውጭ የሚመጣው ማዕበል በሩ ላይ ጉልበቱን ስለሚጨርስ ወደ ውስጥ ያለው ውኃ ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። በዚህ የተነሣ ከተማዋ ከ1901 ጀምሮ የባሕር ኃይል ሰፈር ሆነች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የናፍቆት ወደብ ሆነች፤ ከ1945 እስከ 1958 ድረስ ከሳይቤሪያ ምርኮና ከሌሎች አገሮች የተመለሱ ወደ 660,000 የሚጠጉ ጃፓናውያን ከመርከብ የወረዱት እዚህ ነው። እናቶችና ሚስቶች መርከብ በገባ ቁጥር ወደ ወደቡ እየመጡ የልጃቸውን፣ የባላቸውን ስም ይጠብቁ ነበር። ስሙን ሳይሰሙ የተመለሱም ብዙ ናቸው።

በጁን 2014 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚሁ ውኃ ላይ ሌላ ዓይነት የስም ፍለጋ ተካሄደ። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በጀልባ ወጡ። መረብ አልጣሉም፤ መንጠቆም አልወረወሩም። 11 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህለው የወሽመጡ ስፋት ላይ 47 ቦታዎችን መርጠው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄዱ ከውኃው ገጽና ከወለሉ አጠገብ ውኃ ቀዱ። ጠርሙስ ይሞላል፣ ይከደናል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ጀልባዋ ወደሚቀጥለው ቦታ ታመራለች። ሥራው በ6 ሰዓት ውስጥ አለቀ።

ወደ ዳር ይዘው የተመለሱት አንድም ዓሣ አልነበረም። በጠርሙሶቹ ውስጥ የነበረው ለዓይን ባዶ የሚመስል የባሕር ውኃ ነው። ያ ውኃ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ግን የ128 የዓሣ ዝርያዎችን ስም ሰጠ። ውጤቱ በ2017 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ የባሕር ዳርቻን ሕይወት የሚያጠኑ ሰዎች ትኩረት ሰጥተው አነበቡት። ውኃው ስሞቹን እንዴት እንደሰጠ፣ የሰጣቸውንስ ስሞች ምን ያህል ማመን እንደሚገባ ማወቅ ለእኛም ይጠቅመናል።

በየሁለት ሳምንቱ የሚጠልቁት ሰው

የማይዙሩ ውኃ ለምን እንደተመረጠ የሚገባን አስቀድመን ሌላ ታሪክ ስንሰማ ነው። በወሽመጡ ዳር የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብት ምርምር ጣቢያ አለ። ከጣቢያው ተመራማሪዎች አንዱ ረይጂ ማሱዳ ይባላሉ። የዓሣ ጠባይ የሚያጠኑ ሊቅ ናቸው። ከ2002 መጀመሪያ አንሥቶ በየሁለት ሳምንቱ ጭንብላቸውን አጥልቀው፣ የአየር ጋኑን በጀርባቸው ተሸክመው በጣቢያው አቅራቢያ ወዳለው ውኃ ይገባሉ። ሁልጊዜ በዚያው ዳርቻ እየዋኙ ያዩትን ዓሣ በዓይነቱ ለይተው ይቆጥራሉ፣ መጠኑን ይገምታሉ፣ ይመዘግባሉ።

ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የጃፓን ባሕር ዳርቻ ግን በብርዱ ወራት በረዶ የሚጥልበት ነው። ውኃው በሚደፈርስበት ቀን ክንድ ዘርግቶ የራስን እጅ ማየት ያስቸግራል። አሸዋ ውስጥ ራሱን የቀበረ ዓሣ አለ፤ ከዓለት ስንጥቅ የማይወጣ አለ፤ ሌሊት ብቻ የሚንቀሳቀስ አለ። ከጠላቂው ትንፋሽ የሚወጣውን አረፋ ሰምቶ ገና ከሩቁ የሚሸሽም አለ። እንዲህም ሆኖ ቆጠራው ቀጠለ፤ የውኃ ናሙናው ጥናት ሲታተም 14 ዓመት የሞላው መዝገብ ነበር።

እንዲህ ያለ መዝገብ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ለዚህም ነው አዲሱን ዘዴ መፈተን የፈለጉት ሳይንቲስቶች ማይዙሩን የመረጡት። አንድ አዲስ ሚዛን ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ክብደቱ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ሲጫንበት ነው። ማይዙሩ ክብደቱ የታወቀ ባሕር ነበር።

ከብቱን የሚያውቅ ገበሬ

ከብት የጠፋበት ገበሬ ማለዳ ተነሥቶ ዳና ይከተላል። ጭቃው ላይ የቀረውን የሰኮና ምልክት አይቶ የእርሱ በሬ ይሁን የጎረቤቱ ይለያል፤ ዛሬ ያለፈ ይሁን ትናንት ከምልክቱ ጠርዝ ድርቀት ያውቃል። ከብቱን ሳያየው ስለ ከብቱ ብዙ ይናገራል። በውኃ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ዳና እንደማይቀር ሰው ለዘመናት ሲያምን ኖሯል።

እውነቱ ሌላ ነው። ዓሣ በሄደበት ሁሉ ከአካሉ ይጥላል። ቆዳውን የሸፈነው ልጋግ ይታጠባል፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ኩሱ ይበተናል፣ በመራቢያ ወራት እንቁላልና የወንድ ዘር በውኃው ውስጥ ይለቀቃል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሕዋሳት ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ የዚያ ፍጡር የዘር መልእክት የተጻፈበት ዲኤንኤ አለ። ባለቤቱ ሄዶ በውኃ፣ በአፈር ወይም በአየር ውስጥ የቀረው ይህ ርዝራዥ «የአካባቢ ዲኤንኤ» ይባላል።

ሐሳቡ ገፍቶ የወጣው ከባሕር ሳይሆን ከአፈር ነው። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ኤስከ ቪለርስሌቭ ገና ተማሪ ሳሉ በኮፐንሃገን በመስኮት ሲመለከቱ አንድ ውሻ መንገድ ላይ ሲጸዳዳ አዩ። ዝናብ ኩሱን አጥቦ ወደ መሬት ሲያሰርገው በውስጡ ያለው ዲኤንኤ የት ይሄዳል ብለው ጠየቁ። ይህን ታሪክ ራሳቸው ደጋግመው አውግተውታል። በ2003 እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከሳይቤሪያ የቀዘቀዘ አፈር የማሞትን፣ የጎሽንና የፈረስን እንዲሁም የጥንት ዕፅዋትን ዲኤንኤ ማግኘታቸውን አሳወቁ። አጥንት አልቆፈሩም፤ የተመራመሩት አፈሩን ነው።

በ2008 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ዘዴውን ወደ ኩሬ ውኃ አመጡት። ከአሜሪካ ገብቶ የአገሬውን ፍጥረት የሚበላ አንድ ትልቅ እንቁራሪት በኩሬው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ውኃውን ብቻ ቀድተው ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። በ2012 ደግሞ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዴንማርክ የባሕር ዳርቻ ሦስት የግማሽ ሊትር ናሙና ወስደው የ15 የዓሣ ዝርያዎችን ዲኤንኤ አገኙበት። የጨው ውኃ ሰፊ ነው፣ ይናወጣል፣ ይቀላቀላል፤ ዳናው ይጠፋል የሚለው ሥጋት በዚያ ሥራ ተንበረከከ።

ከአንድ ሊትር ወደ አንድ ስም

ከጀልባ የወረደው ጠርሙስ ጊዜ አይሰጥም። ውኃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዲኤንኤን ይበላሉ፤ ሙቀትና የፀሐይ ብርሃንም ይሰብሩታል። ስለዚህ ናሙናው በቅዝቃዜ ተይዞ ቶሎ ወደ ቤተ ሙከራ ይገባል። በዚያ ውኃው ዓይን የማያየው ቀዳዳ ባለው የማጣሪያ ወረቀት ላይ በፓምፕ እየተሳበ ያልፋል። ባሕሩ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይፈስሳል፤ ዳናው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኬሚካል ታጥቦ ዲኤንኤው ለብቻው ይወጣል።

የሚገኘው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ከዓሣ የመጣው ደግሞ ከባክቴሪያና ከጥቃቅን ዋቅላሚ ከመጣው ጋር ተቀላቅሎ፣ በገበያ መሐል እንደጠፋ ድምፅ ሆኗል። እዚህ ላይ ፒሲአር የሚባለው ሥራ ይገባል። ኮሮና በመጣ ጊዜ ይህን ቃል አገር ምድሩ ለምዶታል፤ ከአፍንጫ የተወሰደው ናሙና ውስጥ ጥቂት የቫይረሱ ርዝራዥ ቢኖር እየተባዛ እንዲታይ የሚያደርገው ዘዴ ነው። ለዓሣውም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ተሠርተው ይጨመራሉ፤ እነርሱ ከተፈለገው ቦታ ላይ ብቻ ይለጠፉና ያ ቦታ ደጋግሞ እየተገለበጠ ይበዛል።

ከባዱ ነገር ትክክለኛውን ቦታ መምረጥ ነበር። ቦታው በሁሉም ዓሦች ዘንድ ፕራይመሩ የሚለጠፍበት ተመሳሳይ ዳር ሊኖረው ይገባል፤ በሁለቱ ዳሮች መካከል ያለው ጽሑፍ ግን ከዝርያ ወደ ዝርያ መለያየት አለበት። በጃፓን የቺባ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪ ማሳኪ ሚያና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ያለውን ቦታ ለሕዋስ ኃይል በሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ አገኙት። 16,500 ያህል ፊደላት ካሉት የዓሣ ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ መካከል 170 ያህል ፊደላት ብቻ የምትረዝም ቁራጭ ናት። በ2015 ያሳተሙት ይህ የፕራይመር ጥንድ «ሚፊሽ» ይባላል። የተፈተነው በኦኪናዋ ቹራኡሚ በተባለው የባሕር እንስሳት ማሳያ ነው። በማሳያው ጋኖች ውስጥ ምን እንደሚዋኝ ጠባቂዎቹ አንድ በአንድ ያውቁታል። በጋኖቹ ውስጥ ከነበሩትና ማነጻጸሪያ ጽሑፍ ከተገኘላቸው 180 ዝርያዎች የ168ቱ ዲኤንኤ ከውኃው ተገኘ።

የበዙት ቁራጮች ወደ ማንበቢያ መሣሪያው ይገባሉ። መሣሪያው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጽሑፎችን አንብቦ ያወጣል፤ የሚያነበው ግን ፊደል ብቻ ነው፣ ስም አያውቅም። ስም የሚሰጠው መዝገብ ነው። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ዓሣውን በመረብ ይዞ፣ ክንፉን ቆጥሮ፣ ጥርሱን አይቶ፣ ዝርያውን ለይቶ፣ ከሥጋው ቆርጦ ዲኤንኤውን አንብቦ በመዝገቡ አስቀምጦታል። ከውኃ የተገኘው ጽሑፍ ከዚያ መዝገብ ጋር ሲገጥም ስም ያገኛል። ካልገጠመ ስም አልባ ሆኖ ይቀመጣል።

ቆጠራው ሲነጻጸር

ከማይዙሩ ውኃ ከወጡት 128 ዝርያዎች መካከል 40ዎቹ በ14 ዓመቱ የጠላቂ መዝገብ ላይ ያሉ ነበሩ። በ6 ሰዓት ውስጥ የተቀዳ ውኃ በዓመታት ድካም የታየውን ብዙውን ክፍል መለሰ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ በጠላቂው ፈጽሞ ያልታዩ፣ ነገር ግን የዚያ አካባቢ ነዋሪ መሆናቸው የታወቀ ቢያንስ 23 ዝርያዎች ተገኙ። የተደበቀው፣ የሌሊቱ፣ ከአረፋው የሚሸሸው ሁሉ ዳናውን ጥሎ ነበር።

የቀሩትን የወሽመጡ ዓሦች ናቸው ብለው ለማወጅ ግን ተመራማሪዎቹ አልቸኮሉም። ምክንያት ነበራቸው፤ እርሱም ባሕሩ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ነው።

ማይዙሩ ዓሣ አጥማጅ ከተማ ናት። ከሩቅ ባሕር የተያዘ ዓሣ በጅምላ የሚሸጥበት ገበያ አላት። ዓሣው ሲራገፍ፣ ሲታጠብ፣ በረዶው ሲቀልጥ ውኃው ተመልሶ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ያ ውኃ በሕይወት ወደዚያ ወሽመጥ ገብተው የማያውቁ ዓሦችን ዲኤንኤ ሊሸከም ይችላል። ዳናው እውነተኛ ነው፤ የረገጠው ግን በዚያ አላለፈም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ዲኤንኤ ጎርጓሪም የገበያ ቅርጫት ሊያወጣ ይችላል።

ይህን ችግር በግልጽ ያሳየው ማአጂ የተባለው ዓሣ ነው። ማአጂ በጃፓን ማዕድ ላይ የዕለት ተዕለት ዓሣ ነው፤ በማይዙሩም በብዛት ይዋኛል። ተመራማሪዎቹ በ47ቱ ቦታዎች ያገኙትን የማአጂ ዲኤንኤ መጠን፣ ድምፅ ወደ ታች እየላከ የገደል ማሚቶውን በሚቀበል መሣሪያ ከለኩት የዓሣ ብዛት ጋር አነጻጸሩ። በገበያው አቅራቢያ ዲኤንኤው ከዓሣው በላይ ሆኖ ተገኘ። የገበያው አካባቢ ሲወጣ ግን ሁለቱ ልኬቶች ተቀራረቡ። ይህ በ2016 ታተመ።

በሚቀጥለው ዓመት በኮቤ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ባልደረቦቻቸው መላ አመጡ። ገበሬው የዳናውን ጠርዝ አይቶ ትኩስ ይሁን የቆየ እንደሚለይ፣ ዲኤንኤም የዕድሜ ምልክት አለው። ከሕዋስ ሲወጣ ረጅም ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ይቆራረጣል። ስለዚህ የማአጂን ዲኤንኤ በሁለት ርዝመት ፈለጉት፦ በ127 ፊደላትና በ719 ፊደላት። አጭሩ ከገበያ የመጣውንና የቆየውን ሁሉ ሰብስቦ አገኘ። ረጅሙ ግን በሕይወት እየዋኘ ካለ ዓሣ በቅርቡ የወጣውን ይበልጥ ያሳያል፤ ከድምፅ መሣሪያው ልኬት ጋርም ይበልጥ ተስማማ።

ተመሳሳይ ነገር በካሊፎርኒያም ደርሷል። በሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም 4.5 ሚሊዮን ሊትር በሚይዘው ትልቅ ጋን ውኃ ላይ በ2014 የታተመ ጥናት፣ በጋኑ ውስጥ የሚዋኙትን ባለ አጥንት ዓሦች አብዛኛዎቹን አገኘ። ከእነርሱ ጋር በጋኑ ውስጥ የሌለ መንሄደን የተባለ ዓሣም ተገኘ፤ ለካ ለዓሦቹ የሚሰጠው መኖ የተሠራው ከእርሱ ነበር። በጋኑ ውስጥ በዓይን የሚታዩት ሻርኮችና የባሕር ኤሊው ግን አልተገኙም፤ ጥቅም ላይ የዋለው ፕራይመር ለእነርሱ አይስማማምና። የሌለው ታየ፣ ያለው ተሰወረ። ጥናቱን ያካሄዱት ሰዎች ሁለቱንም ሳይሸሽጉ መጻፋቸው ከእነርሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ አስተምሯል።

ዳናው የማይነግረን

ዲኤንኤ ዓሣው ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ፣ ጫጩት ይሁን እናት አይናገርም። አንድ ግዙፍ ዓሣ ይሁን መቶ ትናንሽ ዓሦች ያንን ሁሉ የጣሉት መለየት ከባድ ነው። በሞገድ የሚጓዝ በመሆኑም የተቀዳበት ቦታና የወጣበት ቦታ ሊራራቁ ይችላሉ። በባሕር ውኃ ውስጥ የሚቆየው ግን ለቀናት ያህል መሆኑ ይረዳል፤ ስለዚህ የሚያወራው ባለፈው ዓመት ስለነበረው ሳይሆን ስለዚህ ሳምንት ነው። ቀዝቃዛ ደለል ውስጥ ከተቀበረ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በ2022 የእነ ቪለርስሌቭ ቡድን ከሰሜን ግሪንላንድ ደለል 2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ዲኤንኤ ማንበቡን አሳወቀ። ዛሬ ባዶ በሆነው በዚያ ምድር ደንና ባሕር ዳርቻ ጎን ለጎን እንደነበሩ፣ የዝሆን ዘመድ የሆነው ማስቶዶን፣ አጋዘንና ጥንቸል እንደኖሩበት፣ የባሕር ፍጡር የሆነው የፈረስ ኮቴ ሸርጣንም እንደነበረ ከደለሉ አነበቡ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመዝገቡ ጉዳይ ነው። የጃፓን ዓሦች ለረጅም ጊዜ የተጠኑ ስለሆኑ ከውኃው የወጣው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስም ያገኛል። ሁሉም አገር እንዲህ አይደለም። ይህ ጉዳይ እስከ እኛ ጣና ይደርሳል። በጣና ሐይቅ ውስጥ ላቢዮባርበስ የሚባል ዘር ያላቸው ከአንድ ቅድመ አያት የተገኙ በርካታ ዝርያዎች አሉ። አንዱ ዓሣ በላ ነው፣ ሌላው ከወለል ይለቅማል፣ ሌላው ተንሳፋፊ ነፍሳትን ያጠምዳል፤ አፋቸውና ጭንቅላታቸው እንደ ምግባቸው ተለያይቷል። ይህ ስብስብ በዓለም ላይ ከቀሩት የዚህ ዓይነት የዓሣ ቤተሰቦች እጅግ የተለየ ነው። ነገር ግን የተለያዩት በቅርብ ዘመን ስለሆነ ዲኤንኤያቸው እጅግ ይቀራረባል። አጭር ቁራጭ ቢነበብ ሁሉንም በአንድ ስም የመጥራት አደጋ አለ። በመልክ የሚለያዩትን በሞላላው አፍ፣ በጉብ ባለው ጀርባ ለይቶ የሚያውቃቸው ከዓሣው ጋር የዋለ ሰው ነው። አምባዛንና ቀረሶን ከውኃ ለይቶ ማግኘት ይቀላል፤ የእነዚህን ወንድማማቾች ዳና ለመለየት ግን ረዘም ያለ ንባብ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ በእጅ ተይዘው በጥንቃቄ የተሰየሙ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ።

ማሽን ይገዛል፣ ይላካል፣ ይተከላል። ዓሣ የሚለይ ዓይን ግን የሚሠራው በዓመታት ነው። ገበሬው ዳናውን ያነበበው ከብቱን ስለሚያውቅ ነው፤ ከብቱን ለማያውቅ መንገደኛ ያው ምልክት ጭቃ ላይ ያለ ጉድጓድ ነው።

ከወሽመጡ ወጥቶ

ዘዴው ከማይዙሩ ተነሥቶ ሩቅ ሄዷል። በጃፓን ቦሶ በተባለው ልሳነ ምድር ዙሪያ በ11 የዳርቻ ቦታዎች ለሁለት ዓመት በየሁለት ሳምንቱ ውኃ እየተቀዳ፣ የዓሦች ግንኙነት ከውኃው ሙቀት ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ተጠንቷል። አንድ ጠላቂ በአንድ ዳርቻ የሚያደርገውን በ11 ዳርቻ ማድረግ የተቻለው ጠርሙሱ ስላለ ነው። በ2022 ደግሞ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው ሚቺዮ ኮንዶና ባልደረቦቻቸው አኔሞኔ የተባለ የውሂብ ቋት ለሕዝብ ከፈቱ። ከአገሪቱ ዳርቻዎች የተሰበሰበው የዓሣ ዲኤንኤ ውጤት በእርሱ ውስጥ ለማንም ይታያል፤ ውኃ ከሚቀዱት መካከል ሳይንቲስት ያልሆኑ በጎ ፈቃደኞችም አሉ። ለመጥለቅ ሥልጠና፣ ለመረብ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጠርሙስ ለመሙላት ግን ጥንቃቄና ንጹሕ ጓንት ይበቃል።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት የባሕረ ሰላጤው አካባቢም ታላቅ ሥራ ተሠርቷል። በኳታር የባሕር ክልል አል ሻሂን በተባለው የነዳጅ መስክ ዙሪያ በሞቃቱ ወራት በዓለም ትልቁ ዓሣ፣ የዓሣ ነባሪ ሻርክ፣ በብዛት ይሰበሰባል። የሚመጣው የቱና ዘመድ የሆነ ዓሣ የሚጥለውን እንቁላል ለመብላት ነው። የዴንማርክና የኳታር ተመራማሪዎች ውኃውን ቀድተው የሻርኩን ዲኤንኤ አነበቡ። ዝርያውን በስም ከመለየት አልፈው በመካከላቸው ያለውን የዘር ልዩነት አይተው የእንስቶቹን ብዛት ለመገመት ተጠቀሙበት። የሻርኩ ዲኤንኤ በበዛበት የዚያ ዓሣ ዲኤንኤም ይበዛ ነበር፤ በላተኛውና ማዕዱ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ተገኙ።

በ2023 ደግሞ ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሥራ ሁሉንም ቆም አድርጎ አሳሰበ። ተመራማሪዎቹ የባሕር ኤሊዎችንና በሽታቸውን ለማጥናት ውኃና አሸዋ ይሰበስቡ ነበር። በናሙናዎቹ ውስጥ የሰው ዲኤንኤም እንዳለ፣ እርሱም የጠራና ብዙ የሚናገር እንደሆነ አዩ። ፈቃደኛ ሰዎች በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ከረገጡት የእግር ዳና ሳይቀር የዘር መልእክታቸውን ማንበብ ተቻለ። ሰው ከሚኖርበት በራቀ ደሴትና በወንዝ ምንጭ አካባቢ ግን አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ ይህን ያሳተሙት ለማስጠንቀቅ ነው፤ የኤሊ ዳና የሚፈልግ ሰው ሳያስበው የጎረቤቱን ምስጢር ሊሰበስብ ስለሚችል ሕግና ሥነ ምግባር ቀድሞ ይበጅለት አሉ። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ባሕሩን ለመጠበቅ የተሠራ መሣሪያ በዳርቻው የሚኖረውን ሰው ክብር ሊነካ አይገባም።

ስም የሚጠብቁት

ጠርሙሱ ከመጣ በኋላ የማሱዳ መዝገብ አላረጀም። በ2018 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የተገነባው በእርሱ ላይ ነው። የ12 ዓመቱን የየሁለት ሳምንት ቆጠራ ወስዶ፣ በማይዙሩ በብዛት የሚታዩ 14 የዓሣ ዝርያዎችና አንድ የባሕር ዝልግልግ እርስ በርስ እንዴት እንደሚነካኩ፣ ያ መነካካትም ከወቅት ወደ ወቅት እንዴት እንደሚለዋወጥ አሳየ። ማንም በአንድ ቀን ቀድቶ ሊያገኘው የማይችል እውቀት ነው፤ ለመገኘቱ በብርድም በሙቀትም ወደ ውኃ የገባ ሰው ያስፈልግ ነበር።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች ተፎካካሪዎች ሆነው ሲቀርቡ እሰማለሁ፤ አንዱ የትናንት፣ ሌላው የነገ እንደሆነ ተደርጎ። ማይዙሩ ያሳየችኝ ሌላ ነው። ጠርሙሱ 128 ስሞችን የተናገረው ከእርሱ በፊት ሰዎች ስሞቹን በእጃቸውና በዓይናቸው ስላስተማሩት ነው። የጠርሙሱ ስሕተት የታወቀውም ወሽመጡንና ገበያውን የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው። አዲስ መሣሪያ ለመግዛት የሚጣደፍ ማንኛውም ተቋም፣ የእኛም ጭምር፣ ከመሣሪያው ዋጋ ጎን ዓሣ የሚለዩ ወጣቶችን የሚያሠለጥንበትን ገንዘብ ቢመድብ ሐይቆቹና ባሕሮቹ ይናገራሉ። ካልመደበ ፊደል እንጂ ስም አያገኝም።

ከባሕር ውኃ የተለየ ዲኤንኤ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። የተነበበው ጽሑፍም በኮምፒውተር ይቀመጣል። ከመዝገብ ጋር ሳይገጥሙ የቀሩት ጽሑፎች አይጣሉም። የሆነ ፍጡር በዚያ ውኃ ውስጥ አልፏል፤ ማን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። አንድ ቀን አንድ ሰው በሆነ ዳርቻ ዓሣ ይዞ፣ ዝርያውን ለይቶ፣ በመዝገቡ ሲያኖረው፣ ከዓመታት በፊት የተነበበው ያ ጽሑፍ ስሙን ያገኛል።

ማይዙሩ ይህን ዓይነት ጥበቃ ከማንም በላይ ታውቃለች። እዚያ ወደብ ላይ የቆሙት እናቶች መርከብ በገባ ቁጥር የሚመጡት፣ የወረዱት ሁሉ ተቆጥረው አልቀው እንኳ አንድ ስም ሊቀር ይችላል ብለው ነው። በዚያው ወሽመጥ ዛሬ ውኃ የሚቀዳው ተመራማሪም ጠርሙሱን ሲከድን፣ ዛሬ ሊጠራው የማይችለውን ስም ነገ ለሚጠራው ሰው እያስቀመጠ ነው።